በቀይ የሰረዝኩት 92

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በማስተምርበት የደሴ ትምህርት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። አናቱ ላይ «የዓመቱ የሳይንስና ፈጠራ ሥራ አውደ ርዕይ ተሳታፊዎች መመዝገቢያ» ብዬ በትልልቅ ፊደላት ጽፌ፣ ከሥሩ አርባ መስመሮች በማስመሪያ አሰመርኩ። አርባው እንዳይበቃ ሰግቼም ሁለተኛ ወረቀት አዘጋጅቼ በመሳቢያዬ አስቀምጬ ነበር። ለሦስት ሳምንታት በየጠዋቱ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ተማሪዎቹ ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ሲሰለፉ እኔ በሰሌዳው በኩል አልፍና ወረቀቱን ሰረቅ አድርጌ አየዋለሁ። የምዝገባው ጊዜ ሲያበቃ በወረቀቱ ላይ የነበሩት ስሞች ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ ሁለቱ ቀልደኛ ልጆች የጻፏቸው የውጭ አገር እግር ኳስ ተጫዋቾች ስሞች ስለነበሩ፣ ትክክለኛው ቁጥር ሰባት ነው።

ሰባቱንም ልጆች አውቃቸዋለሁ። በየክፍላቸው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡ፣ ባለፉት ዓመታትም የተሳተፉ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ያንኑ እሳተ ገሞራ ይዞ የቀረበ ልጅ ነው፤ ከጭቃ የተሠራ ተራራ፣ አናቱ ላይ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ የሚገነፍል ቀይ አረፋ። በየዓመቱ ተራራውን አዲስ ቀለም ይቀባዋል፤ እኛም በየዓመቱ እናጨበጭብለታለን።

የተለመዱት ምክንያቶች

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጉዳዩን ሳነሣ ምክንያት የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም። አንዱ ባልደረባዬ «ልጆቹ የሚያስቡት ፈተናውን ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ ልጁ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ ነገር ሲነካካ ደስ የሚለው ወላጅ ጥቂት ነው። አንዲት መምህርት ደግሞ ቤተ ሙከራውን አነሣች፤ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ የተረፉን ዕቃዎች ጥቂት ብልቃጦች፣ አንድ ሚዛንና አራት ቴርሞሜትሮች ናቸው። ሌላው ገንዘብ አለ፤ ፎሙም ሙጫውም ቀለሙም ከፒያሳ ሱቆች የሚገዛው በልጆቹ ኪስ መሆኑን አስታወሰኝ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው አንድ መምህር በበኩላቸው ሻያቸውን እያማሰሉ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው ነገሩን ዘጉት።

አንዱንም አልተከራከርኩም። ሆኖም ነገሩ ይከነክነኝ ነበር፤ ምክንያቱም ጊዜ የላቸውም የተባሉት እነዚሁ ልጆች የተበላሸ ስልክ ሲያገኙ የእረፍት ሰዓታቸውን በሙሉ ሲፈታቱት ያልፋሉ፤ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ የሚወጣ መኪና ሞተሩ ለምን እንደሚግል ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ሰፈራቸው እየተጨቃጨቁ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ጉጉት የለውም ብዬ መዝገብ መዝጋት አልቻልኩም። ጉጉቱ አለ፤ እኔ የለጠፍኩት ወረቀት ዘንድ አልመጣም እንጂ።

92

በማግስቱ ከማስተምራቸው የ9ኛ ክፍል ምድቦች ወደ አንዱ ገብቼ፣ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ጥያቄውን በቀጥታ አቀረብኩት፤ ለምን አልተመዘገባችሁም? ስልሳ ምናምን ልጅ ጸጥ አለ። አንዳንዱ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል፤ አንዳንዱ የደብተሩን ጠርዝ ያጣጥፋል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ብሂል ከየቤታቸው ይዘውት መጥተዋል፤ እኛም በትምህርት ቤት አጠናክረንላቸዋል።

ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ አንዲት ልጅ ቀረች። ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ስሟን ለመጥራት የስም መቆጣጠሪያውን ማየት የሚያስፈልገኝ ዓይነት ዝምተኛ ልጅ ናት። የቤተ ሙከራ ደብተሯን ገልጣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ገጹ በጥቅምት ወር የሠራነው ሙከራ ሪፖርት ነበር፤ ውሃ እያሞቁ በየሁለት ደቂቃው ሙቀቱን መመዝገብ፣ በመጨረሻም የሚፈላበትን ነጥብ ማግኘት። በሠንጠረዡ የታችኛው ረድፎች ላይ 90፣ 91፣ 92፣ 92፣ 92 ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል። ከሥሩ «የውሃው መፍያ ነጥብ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። 92ቷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከበላዩ 100 ተጽፏል፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ ከ5 2 የሚል ውጤት ተሰጥቷል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

«ቲቸር» አለችኝ፣ ዐይኗን ከደብተሩ ሳታነሣ፤ «እኔ ያየሁት 92 ነበር። ሌሎቹ ቡድኖችም ያዩት 92 ነው፤ 100 ብለው የጻፉት መጽሐፉን አይተው ነው። ያየሁትን ስጽፍ ከተሰረዘብኝ፣ ለአውደ ርዕዩ ምን ይዤ ልምጣ?»

«ቴርሞሜትሩ ያረጀ ነው የሚሆነው» አልኳት። ይህን ስል ያረጀ ይሁን አይሁን አንድም ማስረጃ አልነበረኝም። እሷ «እሺ» ብላ ደብተሯን ዘጋችና ወጣች። በቃሉ ውስጥ ቁጣም ልመናም አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ተናግሮ ሲያበቃ የሚባል «እሺ» ነው። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ያ ቃል ነው።

የከሰዓቱ ፈረቃ ተማሪዎች ሲወጡ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ካለ ጁስ ቤት በፌስታል በረዶ ገዝቼ ወደ ቤተ ሙከራው ተመለስኩ። በረዶውን አድቅቄ በትንሽ ውሃ ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩና አራቱን ቴርሞሜትሮች ነከርኳቸው። የሚቀልጥ በረዶ 0 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከአራቱ ሦስቱ 0 ላይ ቆሙ፣ አንዱ ብቻ አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ስለዚህ ሦስቱ ደህና ናቸው። ከዚያም ውሃ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጥጄ፣ ሦስቱን ቴርሞሜትሮች ጫፋቸው የዕቃውን ወለል እንዳይነካ በክር አንጠልጥዬ ጠበቅኩ። 85 አለፈ፤ 88፤ 90። ከሥር የሚነሡት አረፋዎች ተለቅ እያሉ መጡ፤ 91 ላይ ውሃው መንተክተክ ጀመረ። 92 ላይ ሲደርስ ቀዩ መስመር ቆመ። ምድጃውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውሃው ተናወጠ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፈነ፣ መስመሩ ግን ከ92 ንቅንቅ አላለም። አሥር ደቂቃ ያህል ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ሦስቱም ያው ናቸው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስም ውሃው በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይፈላል። 2,500ን ለ300 ማካፈል የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ስምንት ግድም ይመጣል፤ ከ100 ላይ ስምንት ሲነሣ 92 ይቀራል። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ደግሞ ስለ ግፊት በማስተምርበት ምዕራፍ በየዓመቱ «በተራራ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል» ብዬ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ነኝ። ልጆቹም ይገለብጡታል፣ በፈተናም ይመልሱታል። ተራራ ሲባል ግን ለእነሱም ለእኔም በረዶ የለበሰ፣ ሩቅ አገር ያለ፣ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉ የሚታይ ነገር ነበር። የጦሳ ተራራ በመስኮቱ በኩል አፍጥጦ እያየን፣ ተራራው ላይ ያለነው እኛ መሆናችን አንድም ቀን ትዝ ብሎን አያውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት በዚህች ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ያንን ሙከራ በየዓመቱ አሠርቻለሁ፤ ጎንበስ ብዬ ቴርሞሜትሩን አንብቤ ግን አላውቅም። የማነበው ሪፖርቱን ነበር፤ ሪፖርቶቹም ሁልጊዜ 100 ይላሉ። በመጽሐፉ ማሳበብም አልችልም፤ «በአንድ አትሞስፌር ግፊት»፣ ማለትም በባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት፣ የምትል ሐረግ አለችው፣ የምንዘላት እኛ ነን። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ በዚያ ምሽት ሞኙም ወረቀቱም እኔው ነበርኩ።

ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሙሉ ሳስበው የነበረው ስለ መፍያ ነጥብ አልነበረም። እነዚያ ስልሳ ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ ምን እንደተማሩ ነው ያሰብኩት። ዐይናቸው ያየው 92፣ እጃቸው የጻፈው 100፤ ሁለቱን ያስታረቀው ደግሞ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ። በኋላ ያው መምህር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «መርምሩ፣ ፍጠሩ፣ ተወዳደሩ» የሚል ወረቀት ሲለጥፍ፣ ብልህ ልጅ ምን ያደርጋል? ብልህ ልጅ እሳተ ገሞራ ይሠራል። እሳተ ገሞራ 92 አይልም፤ ኮምጣጤው በተጨመረ ቁጥር እንደተጠበቀው ይገነፍላል፤ የሚሰርዘው መምህርም የለም። ያ ልጅ በየዓመቱ ተራራውን ቀለም መቀባቱ ስንፍና ሳይሆን ጥንቃቄ መሆኑ የገባኝ የዚያን ዕለት ነው።

መምህሩ የማያውቀው ጥያቄ

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሆነውን ሁሉ ለክፍሉ ነገርኩ፤ በረዶውንም፣ ሦስቱን ቴርሞሜትሮችም፣ አሥራ አንዱን ዓመትም። የልጅቷን ውጤት አስተካከልኩ። 100 ብለው በጻፉት ላይ ነጥብ ልቀንስ አስቤ ነበር፤ እኔ የምቀበለውን መልስ አውቀው የሰጡኝን ልጆች በዚያው መልስ መቅጣት ግን ከበፊቱ የባሰ በደል መሆኑ ስለተሰማኝ ተውኩት። አንዱ ከጥግ ሆኖ «ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው?» ሲል ክፍሉ ተንጫጫ። ሌላው «ኮምቦልቻስ?» አለ። በዚህ ጊዜ ያቺ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። አክስቷ ኮምቦልቻ እንደምትኖር፣ አያቷ ደግሞ አክስቷ ዘንድ ሰንብተው በመጡ ቁጥር «የቆላ ንፍሮ ቶሎ ይበስላል» እያሉ የደሴን እንጨት እንደሚያማርሩ ተናገረችና፣ ይህ ከመፍያ ነጥቡ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ይመስለኛል፤ ግን በምን ያህል ደቂቃ እንደሚለያይ አላውቅም» አልኩ። የክፍሉ ፊት ሲለወጥ አየሁ። መምህር «አላውቅም» ሲል እነዚያ ልጆች ስንት ጊዜ እንደሰሙ እንጃ፤ ከሁኔታቸው ስገምት ብዙ አልነበረም።

ያንኑ ሳምንት የመመዝገቢያውን ወረቀት አንሥቼ፣ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ የጫማ ካርቶን ከላዩ ቀድጄ አስቀመጥኩ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቤታችሁ ወይም ከመንገድ ያያችሁትን፣ የከነከናችሁን ነገር ጻፉ፤ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። በሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ላይም እንደ ወትሮው «ተመዝገቡ» ብዬ ከመወትወት ይልቅ የእንዶድን ነገር አወራኋቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ፤ ከሚታጠብበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን አስተዋሉ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ስለሆነ፣ ያቺ አንዲት ምልከታ የዕድሜ ልክ ምርምር ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘችላቸው። ለልጆቹ ያልኳቸው እንዶዱንም አጣቢዎቹንም ወንዙንም ብዙ ሰው በየቀኑ ያየው እንደነበረ ነው። የሞተውን ቀንድ አውጣ ያዩም ሳይኖሩ አይቀሩም፤ «ለምን ከታች በዛ?» ብሎ የቆመው ግን አንድ ሰው ነው።

ካርቶኑ በሁለት ሳምንት ሞላ። ከመቶ በላይ ቁርጥራጭ ወረቀት ወጣበት፤ የደብተር ቅጠል፣ የብስኩት መጠቅለያ ጀርባ፣ አንድ የባጃጅ የቅጣት ወረቀትም ነበር። «ማዶ ያለ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚሰማኝ፤ በስንት ሰከንድ ነው የሚዘገየው?» «የግራር ከሰልና የባሕር ዛፍ ከሰል እኩል ሚዛን ቢሆኑ የትኛው ብዙ ጀበና ያፈላል?» «የእናቴ ሊጥ በክረምት አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የሚቦካው፤ በስንት ዲግሪ ነው የሚለየው?» «በጉም ቀን አጥር ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ተጠራቅሞ አንድ ጆግ ይሞላል?» «ጂን በቴርሞሜትር ይታወቃል?» የሚልም ነበረበት፤ ጠያቂው ቀልዶ ይሁን አምኖበት እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም።

ጥያቄዎቹን የለየሁበት መስፈርት ቀላል ነበር። ቁጭ ብዬ የምመልሰውን ጥያቄ እዚያው ሰሌዳ ላይ መልሼ ጨረስኩት። መልሱን የማላውቀውን፣ ነገር ግን በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ፣ በሰዓትና በእነዚያ ሦስት ቴርሞሜትሮች ሊለካ የሚችለውን ደግሞ ከቤተ ሙከራው በር ላይ ለጠፍኩትና «ይህን ማን ይዞት ይሂድ?» አልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ አንድ ልጆች መጡ። ሁለተኛዋን ወረቀት ከመሳቢያዬ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላሳምረው፣ ከአርባ አንዱ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ሃያ ስድስት ናቸው። ከ12ኛ ክፍል የመጣ አንድም ልጅ አልነበረም፤ እነሱንም አልወቅሳቸውም። የጉሙን ውሃ ሊያጠራቅሙ የተነሡት ልጆች ወንፊት ዘርግተው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉም ጠበቁ፤ ደሴ ያን ሰሞን ፀሐይ ብቻ ሆነችባቸውና ተዉት። መጀመሪያ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ይቀሩብን ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ ሥራው የሚሠራው ከፈረቃ በኋላ መሆኑ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው ውሃና ምጣድ አለ። ስለዚህ ከሳምንቱ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜያት አንዱን ለዚህ ሰጠሁት። ከሁሉም በላይ የረዳን እሱ ይመስለኛል፤ ከካርቶኑም ይበልጥ። ከሱቅ ተገዝቶ የሚመጣ ማንኛውም ማሳያ ቀረ፤ በአንድ ሥራ ላይ የሚጻፉ ስሞችም ከሦስት እንዳይበልጡ ሆነ፤ አንዱ ሠርቶ አምስቱ የሚሸለሙበትን ልማድ ከሩቅም ቢሆን ስለማውቀው።

ሊጡን የያዙት ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ከሦስቱ ሊጥ አቡክቶ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱን ቡሃቃ በምድጃ አጠገብ፣ አንዱን በቀዝቃዛው ጓዳ አስቀምጠው፣ ሊጡ ኩፍ ያለበትን ከፍታ በማስመሪያ እየለኩ አራት ቀን መዘገቡ። በመጨረሻ የአንደኛው ልጅ እናት ጋገሩትና እንጀራው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል መጣ። ያን ተረት የተረቱት መምህር ሁለት ጊዜ ሲጨምሩ አይቻቸዋለሁ፤ ምንም አላልኳቸውም።

ሐረጎን የወረደው ቴርሞሜትር

ልጅቷ የንፍሮውን ጥያቄ ለማንም አልሰጠችም። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ እዚያ የሚደርስ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል፤ ከተማዋ ያለችው በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስሌታችን መሠረት ውሃው እዚያ 94 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ነበረበት። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ቴርሞሜትር እዚህ፣ ሌላውን እዚያ መጠቀም አያስተማምንም፤ ያው አንዱ ቴርሞሜትር መጓዝ አለበት። ለዚህም ከንብረት ክፍሉ ጋር ግማሽ ቀን ተከራከርኩ። ንብረት ማውጫው ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ «ባቄላ ለመቀቀል» ብዬ ስጽፍ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቀና ብሎ አየኝና፣ ሁለተኛ ፊርማ እንድጨምር አደረገኝ።

ቴርሞሜትሩ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በጥርስ ሳሙና ካርቶን ውስጥ ሆኖ፣ ሦስት ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን ወረደ፣ ሦስት ቅዳሜም ወጣ። ባቄላው ከአንድ ነጋዴ፣ ከአንድ ጆንያ የተገዛ ነው፤ በየጊዜው ሩብ ኪሎ ተመዝኖ አሥራ ሁለት ሰዓት በውሃ ይዘፈዘፋል። ኮምቦልቻ ላይ ውሃው 94 ላይ ቆመ። ያን ዕለት ማታ በአክስቷ ስልክ ደውላ የነገረችኝ ቁጥሩን ብቻ ነው፤ «ቲቸር፣ 94» አለችና ዘጋችው፤ ሒሳብ እንዳይበላ ይሆናል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። ደሴ ያለው ምድጃና ኮምቦልቻ ያለው ምድጃ እሳታቸው እኩል ካልሆነ ንጽጽሩ ምን ዋጋ አለው? ይህን ስጠይቃት ለጥቂት ጊዜ አሰበችና፣ ውሃው አንዴ ከፈላ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ እንደማይጨምር፣ ባቄላውን የሚያበስለው ደግሞ የውሃው ሙቀት እንጂ የእሳቱ ብዛት እንዳልሆነ፣ ስለዚህ ሰዓቱን ከፈላበት ደቂቃ ጀምሮ መቁጠር እንደሚበቃ አስረዳችኝ። «እርስዎ እኮ ምድጃውን እስከ መጨረሻ ከፍተውት 92 ላይ ቀርቷል ብለውናል» አለችኝ። ያን የነገርኳቸው ስሕተቴን ለመናዘዝ ነበር፤ እሷ ከኑዛዜው ውስጥ ለሙከራዋ የሚያስፈልጋትን መርጣ ወስዳለች። አያቷ ባቄላው እንዲቸኩል የሚማግዱት እንጨትም በከንቱ እንደሚነድ ከዚሁ ተረዳች፤ ይህን ለአያቷ እንዴት እንደምትነግራቸው ግን ጨንቋት ነበር።

«በሰለ» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ አንድ ሳምንት ፈጀባት። በመጨረሻ እንዲህ አለች፤ በየአምስት ደቂቃው አሥር ፍሬ ይወጣል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲጫኑት ከአሥሩ ስምንቱ ከፈረሱ በስሏል። በዚህ መለኪያ የሦስቱ ሙከራዎች አማካይ ኮምቦልቻ ላይ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ደሴ ላይ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆነ። ለሁለት ዲግሪ ሃያ ደቂቃ።

የአውደ ርዕዩ ዕለት

በሚያዝያ ወር መጨረሻ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ተከፈተ። ዳኞቹ የያዙት የነጥብ መስጫ ወረቀት ከቀድሞው ብዙም አልተለወጠም ነበር፤ «ውበትና አቀራረብ» የሚለውን እንዲቀንሱት ለምኜ በግማሽ ተሳክቶልኛል። የጨመርኩት «ያልተሳካላችሁ ነገር ምን ነበር?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። የእሳተ ገሞራው ልጅ ለአራተኛ ጊዜ ተራራውን ይዞ መጣ፤ ሳየው ልቤ ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ተራራውን ቀለም አልቀባውም፤ አጠገቡ ሠንጠረዥ አለ። በእኩል መጠን ኮምጣጤ ላይ ቤኪንግ ሶዳውን በማንኪያ እየጨመረ አረፋውን ለክቶ፣ ከተወሰነ ማንኪያ በኋላ ሶዳው ቢጨመርም አረፋው እንደማይጨምር አግኝቷል። ያልተሳካለት ነገር ሲጠየቅ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሶዳ አባክኛለሁ» አለ።

ያን ዕለት ያልጠበቅሁት የወላጆቹ ብዛት ነው። ቀድሞ የሚመጡት የሚሸለሙት ልጆች ወላጆች ብቻ ነበሩ። አሁን ግን ከሰሉ የእናቶቹ፣ ሊጡ የእናቶቹ፣ ንፍሮው የአያትየዋ ስለሆነ፣ የቤታቸው ነገር አዳራሽ ገብቶ ምን እንደተባለ ለመስማት መጡ። አያትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በሌላ የልጅ ልጃቸው ተደግፈው ነው የደረሱት። «እንኳን መጡ እማማ» ብዬ ወንበር ሳቀርብላቸው «አብሽር ልጄ፣ ቆሜ ነው የማየው» አሉኝ።

ልጅቷ በሁለት ሳህን ንፍሮ አቅርባ፣ ቁጥሮቹን በተራ አስረዳቻቸው፤ 92፣ 94፣ ሃያው ደቂቃ፣ ከአሥር ስምንት። የእንጨቱ ነገር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነስ አለ፤ አያትየዋ ግን አልተቆጡም፣ ሌላ ነገር እያዩ ነበር። ከደሴው ሳህን አንዲት ፍሬ አንሥተው፣ በጣታቸው ሳይጫኑ ወደ አፋቸው ወረወሯት፤ ቀስ ብለው አላመጡ። ዳኞቹም እኔም ጠበቅን።

«ይኼ ገና ነው» አሉ።

«እማዬ፣ በጣት ሲጫኑት እኮ ይፈርሳል» አለች ልጅቷ።

«መፍረሱንማ ይፈርሳል፤ ልጣጩ ምላስ ላይ ይቀራል። ንፍሮ በጣት አይበላም።»

ልጅቷ ለአፍታ አያቷን፣ ከዚያም ሳህኑን ተመለከተች። ከዳኞቹ አንዱ ሊስቅ ሲል ሌላዋ በክርናቸው ነካ አደረጉት። ደብተሯን ገለጠች፤ «ያልተሳካ» የሚለው ርዕስ ሥር ባዶ ትታው የነበረውን መስመር አገኘችና፣ እርሳሷን አውጥታ አያቷን እየጠየቀች መጻፍ ጀመረች፤ ልጣጩ ምላስ ላይ የማይቀረው ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው፣ ኮምቦልቻስ እንዲሁ ነው ወይ፣ ስንት ፍሬ ተቀምሶ ነው የሚታወቀው። አያትየዋ ያን ጊዜ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ።